ለቁጠባ ማኅበራችን የክሪፕቶ ገበያን እንዴት እንደመረመርሁ

የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አላቸው፤ እኔም በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ መዝገቡን እይዛለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የቁጠባቸው የመግዛት አቅም መሸርሸር ያሳሰባቸው አባላት፣ ከማኅበሩ ገንዘብ የተወሰነው ወደ ክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚገበያዩበት ዲጂታል ገንዘብ፣ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። በሕግ በኩል ነገሩ ብዙ አያከራክርም፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደ አሳስቧል። የአባላቱ ጥያቄ ግን በዚህ የሚዘጋ አልነበረም። ሀብታሞች የሚከብሩበትን ገበያ ድሃው ለምን ይሸሸዋል የሚል ነበር፤ ይህም በቁጥር ሊመለስ የሚገባው ተገቢ ጥያቄ መስሎ ታየኝ።

ብዙዎች የሚጀምሩት ከዋጋ ግራፍ ነው። እኔ ግራፉን ወደ ጎን ትቼ ሀብቱ መጀመሪያ ለማን እንደተከፋፈለ በማጥናት ጀመርሁ። ከክሪፕቶዎች ዋነኛው የሆነው ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሥራ ሲጀምር፣ በየ10 ደቂቃው ገደማ ለሚታከል አንድ የግብይት መዝገብ (ብሎክ) 50 አዲስ ቢትኮይን ለማይነሮች፣ ማለትም መዝገቡን በኮምፒውተር ለሚያረጋግጡት፣ ይሰጥ ነበር። ይህ ክፍያ በየ210,000 ብሎኩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጠቅላላው መጠን ደግሞ ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። 210,000 በ50 ሲባዛ 10.5 ሚሊዮን ይሆናል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. እስከ ኅዳር 2012፣ የአንዱ ዋጋ ገና 12 ዶላር ገደማ ሳለና በአገራችን ኢንተርኔት የሚያገኘው ሰው እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ ለዘለዓለም ሊፈጠር ከሚችለው ቢትኮይን ግማሹ ባለቤት አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ከሚያዝያ 2024 ወዲህ አንድ ብሎክ የሚያስገኘው 3.125 ብቻ ነው። ይህን ስሌት ማንም ሰው በካልኩሌተር ሊደግመው ይችላል፤ ለአባላት ካቀረብሁት ሁሉ የበለጠ የተወያዩበትም እርሱ ነበር።

ቀጥሎ ዛሬ ማን ምን ያህል ይዟል ወደሚለው አለፍሁ። ብዙ ቢትኮይን የያዙ አድራሻዎች (እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ያሉ) ዝርዝር በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን አንዱ አድራሻ የሚሊዮኖችን ገንዘብ የሚይዝ የመገበያያ ድርጅት ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ሰውም ብዙ አድራሻ ሊኖረው ስለሚችል፣ ዝርዝሩን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። ስለዚህ ይህን ለይተው ያጠኑትን የፋይናንስ ተመራማሪዎች ኢጎር ማካሮቭንና አንቷኔት ሾርን ተከተልሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በ2020 መጨረሻ 10,000 የሚሆኑ ግለሰብ ባለሀብቶች ወደ 5 ሚሊዮን ቢትኮይን ይዘው ነበር፤ ይህም በወቅቱ ከነበረው ከሩብ በላይ ነው።

የክፍፍሉ አለመመጣጠን ብቻውን ግን ዘግይቶ የገባው ይከስራል ማለት አይደለም፤ መሬትም ቢሆን በጥቂቶች እጅ ተይዞ ለሚገዛው ሊያተርፍ ይችላል። ጉዳዩን የለየልኝ የትርፉ ምንጭ ነው። ቢትኮይን ኪራይ የለውም፣ ምርት የለውም፣ የትርፍ ድርሻም አያከፋፍልም፤ የሻጭ ትርፍ በሙሉ የሚመጣው ከቀጣዩ ገዢ ኪስ ነው። የዓለም አቀፍ የክፍያዎች ባንክ ተመራማሪዎች በ95 አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 የነበረውን የክሪፕቶ መገበያያ መተግበሪያዎች መረጃ መርምረው፣ ከተጠቃሚዎቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ሳይከስሩ እንዳልቀሩ ገምተዋል። ትንንሾቹ ዋጋው ሲወጣ እየተሻሙ ሲገዙ ትልልቆቹ ይሸጡላቸው ነበር፤ በግንቦት 2022 ቴራ የተባለው ክሪፕቶ ሲወድቅና በዚያው ዓመት በኅዳር ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ሲከስርም ትንንሾቹ ሲገዙ ትልልቆቹ ሲሸጡ ታይቷል።

የውጭውን ጥናት ከእኛ ሁኔታ ጋር ለማስተያየት፣ በግላቸው የሞከሩ አባላት ፈቃዳቸው ከሆነ መዝገባቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ስልክ ላይ የሚታየውን ቀሪ ሒሳብ አልተቀበልሁም፤ ከባንክ የወጣውንና ወደ ባንክ የተመለሰውን ብር ብቻ መዘገብሁ፤ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘውን ዩኤስዲቲ የተባለ ክሪፕቶ በፒቱፒ (ከግለሰብ ወደ ግለሰብ በሚደረግ ሽያጭ) ሲገዙ ከባንኩ ምንዛሪ በላይ የከፈሉትንም ጨመርሁበት። (ሰው ያተረፈበትን ቀን ሳይጠየቅ ያወራል፤ የከሰረበትን ግን የባንክ ደብተሩ ነው የሚናገረው።) በዚህ መንገድ ባተረፉትና በከሰሩት መካከል የታየው ልዩነት የዕውቀት አልነበረም። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ፣ ከዓመት በኋላ ከ16,000 በታች ወርዶ፣ በታኅሣሥ 2024 ከ100,000 አልፏል። ከፍ ባለበት ጊዜ የገዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ኪሳራ አይተዋል። ሌላ ገቢ የነበረው ጠብቆ አተረፈ፤ የቤት ኪራይ የደረሰበት ወይም ቤተሰቡ የታመመበት ግን በወረደበት ወቅት ሸጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መዋዕለ ንዋይ ስመዝን ከዋጋው አስቀድሜ የምጠይቀው ገንዘቡ ሳይነካ ስንት ዓመት ሊቆይ ይችላል የሚለውን ነው። የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ ብድር የሚወስዱት ለትምህርት ቤት ክፍያና ለሕክምና ስለሆነ ገንዘቡ ሳይነካ ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ አጭር ነበር።

በጉባኤው ላይ አንድ ወጣት አባል፣ በቢትኮይን ብንዘገይም አዲስ በሚወጣ ኮይን (ክሪፕቶ) ቀዳሚዎቹ እኛ ልንሆን እንችላለን ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ጠንካራ ስለነበር በቃል አልመለስሁለትም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በዶናልድ ትራምፕ ስም የወጣውን ኮይን የክፍፍል ሠንጠረዥ አብረን አየን። ከታቀደው 1 ቢሊዮን ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው 200 ሚሊዮን ሲሆን፣ የቀረው 800 ሚሊዮን ከአውጪዎቹ ጋር በተያያዙ ድርጅቶች እጅ ነበር። ዋጋው በሁለት ቀን ውስጥ ከ70 ዶላር አልፎ በቀጣዩ ወር ከ20 በታች ወረደ። በመጀመሪያው ሰዓት የገዛ ሰው እንኳ ወደ ገበያው የገባው አብዛኛው ድርሻ አስቀድሞ ከተደለደለ በኋላ ነው። ወጣቱ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ ከራሱ ደመወዝ መሞከሩን እንደሚቀጥል ተናግሮ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ግን እንዳይነካ ከሌሎቹ ጋር ድምፁን ሰጠ። የዋጋ ንረቱ ሥጋት ስላልተፈታ ጉባኤው ከቁጠባው የተወሰነውን ለአባላት የጤፍና የዘይት የጅምላ ግዢ መደበው፤ የዚያን ግዢ መዝገብም አሁን እኔው እይዛለሁ።