«ዊል» ወይስ «ጎይንግ ቱ»? ለማታ ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት

ስለ ነገ ዕቅዳችሁ በእንግሊዝኛ መናገር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ «ጎይንግ ቱ ለቅርብ ጊዜ፣ ዊል ለሩቅ ጊዜ» የሚለውን ሕግ ዛሬውኑ ከደብተራችሁ ሰርዙት። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም ጊዜዬም ይተርፍ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በምንረከብበት መጋዘን ነው። ውሎዬ «ዕቃችን መቼ ይደርሳል?» ለሚሉ ደንበኞች በእንግሊዝኛ መልስ መጻፍ ስለሆነ፣ ላሻሽል ብዬ ከሥራ መልስ የማታ ኮርስ ገባሁ። ምዝገባው ቀላል ነበር፤ ትምህርቱም ደህና ሄደ። የተበላሸው ማጠቃለያ ፈተናው ላይ ነው።

ባዶ ቦታ ሙሉ ነው። አንድ ሰው ዓርብ ጠዋት ከአለቃው ጋር ቀጠሮ ይዟል፤ «ሚት» የሚለውን ግስ በትክክለኛው ቅርጽ አስገቡ ይላል። «አይ አም ሚቲንግ ማይ ማናጀር ኦን ፍራይደይ» ብዬ ሞላሁ። በቀይ ተሰርዞ መጣ። መምህሩ ከጎኑ «ይህ የአሁን ጊዜ ነው፣ ዓርብ ገና አልደረሰም» ብሎ ጽፎበታል። የእርማት ወረቀቱ የሚለው «ዊል ሚት» ብቻ ነው። በዚያች ነጥብ ከማለፊያው በታች ወረድኩና ደረጃውን እንደገና ከፍዬ እንድማር ተነገረኝ።

መልሴ ትክክል ነበር። ከሰው ጋር ተነጋግረን ቀን ለቆረጥንለት ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተለምዶ የሚመርጡት ይህንኑ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ አይኤንጂ ያለበትን ቅርጽ ነው። ከደንበኞቻችን የደረሱኝን ኢሜይሎች አትሜ ወሰድኩ። አንዱ «አይ አም ፍላይንግ ቱ አዲስ ኦን ሰንደይ» ይላል፤ ሰውየው ሲጽፍ አውሮፕላን ላይ አልነበረም፣ ትኬት ቆርጦ ነው። መምህሩ ወረቀቱን ሳያነብ ወደ አስተባባሪው ላከኝ። አስተባባሪው ደግሞ፣ «እህቴ፣ ይሄ የቢሮ ወሬ ነው። ፈተና ሌላ ነው፤ እኛ የምናርመው በተሰጠን ወረቀት ነው» አለኝ። ወረቀቱን ማን እንደሰጣቸው ብጠይቅ፣ «ከበፊት የመጣ ነው» ከማለት በቀር መልስ የለውም። እኔ ኮርሱን የገባሁት እኮ ለዚያ የቢሮ ወሬ ነው! ደብዳቤ ጽፌ አስገባሁ፤ ተቀብለናል እንኳ የሚል አላገኘሁም። ደሜን የሚያፈላው የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ አብዛኛውን ትምህርት የሚማሩት በዚህ ቋንቋ ነው፤ ትክክለኛውን ጽፈው የሚሰረዝባቸው ስንቶቹ ይሆኑ?

መጀመሪያ ላይ ሰርዙት ያልኳችሁ የቅርብና የሩቅ ሕግ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ «ልሄድ ነው» ስንል ጫማውን እያጠለቀ ያለ ሰው ነው የሚታየን፤ ጎይንግ ቱንም ከዚህ ጋር አመሳስለው ያስተምሩናል። ግን አንድ የአምስት ዓመት ልጅ «አይ አም ጎይንግ ቱ ቢ ኤ ዶክተር» ቢል ትክክል ነው፣ ዶክተርነቱ ሃያ ዓመት ቢርቅም። በሌላ በኩል ስልክ ሲጮህ «አይል አንሰር ኢት» እንላለን፤ ይህ «አይ ዊል» ሲያጥር ነው፣ ጊዜው ግን አሁኑኑ ነው። ርቀት አይደለም ዋናው።

እኔ አሁን ራሴን የምጠይቀው፣ ይህን ስናገር በእጄ ምን አለ ብዬ ነው። ቀጠሮ፣ ትኬት፣ ከሹፌሩ ጋር የተቆረጠ ሰዓት ካለኝ አይኤንጂውን እጠቀማለሁ። ሐሳቡ ቆርጦልኝ ገና ለማንም ካልተናገርኩ ጎይንግ ቱ ነው። እንጦጦ ላይ ደመናው ጠቁሮ እያየሁ ዝናብ ሊመጣ ነው ስልም እንዲሁ፤ ምልክቱ ፊት ለፊቴ ነው። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ቱሞሮው» ግን አይባልም፣ ከዝናብ ጋር ማን ቀጠሮ ይይዛል? እዚያው ስናገር የወሰንኩት፣ «እኔ ልርዳህ» ያልኩት፣ ቃል የገባሁት፣ ወይም በግምት የምናገረው በዊል ይሄዳል።

ለሥራ ሰው ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው። «ዊ ዊል ዴሊቨር ኦን ቱዝደይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደንበኛው ቃል እንደገባችሁ ይቆጥረዋል። መኪናው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሊቆም እንደሚችል እያወቃችሁ እንዲህ አትጻፉ፤ «ፕሮባብሊ» ጨምሩበት ወይም «ዊ ኤክስፔክት» በሉ።

የተጻፈ የጉዞ ፕሮግራም ሲሆን ተራው የአሁን ጊዜ ይበቃል። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ስለሚነሳው የድሬዳዋ ባቡር «ዘ ትሬን ሊቭዝ» ማለት ነው፤ ሰዓቱን ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መቀየር እንዳትረሱ። «ሲሆን» እና «ከሆነ» ለማለት የገቡ «ዌን» እና «ኢፍ» ካሉ ደግሞ ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ሐረግ ዊልን አታስገቡ፤ «ዌን ዘ ትራክ አራይቭዝ፣ አይል ኮል ዩ» ነው የሚባለው። በትምህርት ቤት ለ«አይ» እና ለ«ዊ» በዊል ፈንታ ሻል ነው ተብለን የተማርነውንም ተዉት። ዛሬ በብዛት የሚሰማው «ሻል አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» በሚል ዓይነት ጥያቄ ውስጥ ነው።

ድርጅቶች በማስታወቂያና በደብዳቤ «ዘ ሚቲንግ ዊል ቢጊን» ብለው ሲጽፉ ታያላችሁ፤ አስቀድሞ የታቀደ ቢሆንም ስህተት አይደለም፣ መደበኛ ጽሑፍ ዊልን ይወዳል። «የታቀደ ሁሉ ጎይንግ ቱ ነው» የሚል መምህር ስለዚህ ምን እንደሚል ጠይቁት።

እኔ ዳግመኛ አልከፈልኩም። ኮርስ መግባት ካለባችሁ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ያለፈ ፈተናቸውን ከነእርማቱ አሳዩን በሉ። አናሳይም ካሉ «አይ አም ፍላይንግ ኦን ሰንደይ» ትክክል ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አይደለም ካሏችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።