ሮቦቴ ኩሽና ነኝ ብሎ ድርቅ ሲል

ቤት ውስጥ እየዞረ የሚሄድ ሮቦት ሰርቻለሁ፣ ሰርቻለሁ ስል ሞተርና ጎማ ገጣጥሜ ራስበሪ ፓይ (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ጭኜበት አናቱ ላይ ላይዳር (ዙሪያውን የብርሃን ጨረር እየላከ ርቀት የሚለካ መሳሪያ) አሰርኩ ማለቴ ነው፣ እሱ ቀላሉ ነው። ያስለቀሰኝ "የት ነኝ?" የሚለው ነገር ነው። የቤቱ ካርታ አለው፣ ካርታው ላይ የቱ ጋ እንደቆመ ግን አያውቅም። ጎማው ስንቴ እንደዞረ ቆጥሬ ላስላ ብል ሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተተ ሁለት ሜትር ሳይሄድ ሂሳቡ ይበላሻል።

የሮቦት ተመራማሪዎቹ እነ ዲተር ፎክስ፣ ቡርጋርድ፣ ዴላርትና ሴባስቲያን ትሩን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን ሞንቴ ካርሎ ሎካላይዜሽን የሚባል ቦታ የማወቂያ ዘዴ ያነበብኩት ያኔ ነው። ካርታው ላይ ብዙ ነጥብ ትበትናለህ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ምናልባት እዚህ ነኝ የሚል ግምት ነው። ሮቦቱ ሲሄድ ነጥቦቹም አብረው ይሄዳሉ፣ ከዛ ላይዳሩ ያየው ግድግዳ እዛ ነጥብ ላይ ቢቆም ኖሮ ከሚያየው ጋር ይነጻጸራል፣ የተመሳሰለው ይባዛል ያልተመሳሰለው ይጠፋል፣ በቃ ይሄው ነው። ሰዎቹ ደግሞ የወረቀት ላይ ሰዎች አይደሉም፣ በ1998 ሚነርቫ የሚሏት ሮቦታቸው ዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ሁለት ሳምንት ጎብኚ ስታዞር ከ44 ኪሎሜትር በላይ ሄዳለች፣ ሰው ከቧት ግድግዳው ሲጋረድባት ቦታዋን እንድታውቅ ጣሪያውን የሚያይ ካሜራ ገጥመውላት ነበር።

እኔን ሶስት ሳምንት የፈጀብኝ አንድ ቁጥር ነው። ላይዳሩን በስንት መከራ ስላገኘሁት ነው መሰለኝ ከልክ በላይ አመንኩት፣ ፕሮግራሙ ላይ የርቀት ስህተቱ 1 ሴንቲሜትር ነው ብዬ ሞላሁ። ሮቦቱ ሳሎን መሃል ቆሞ ኩሽና ነኝ ይላል፣ ያውም ቅንጣት ሳይጠራጠር! ለካ እንደዛ ጥብቅ ስትሆንበት ትክክለኛው ቦታ አጠገብ ያለው ነጥብም ትንሽ ስለሚዛነፍ ከነ ሌላው ይጣላል፣ በአጋጣሚ የገጠመለት አንዱ ሁሉን ይጠቀልላል። 360ውን ጨረር ሁሉ እንደ የተለያየ ምስክር መቁጠሬም አባብሶታል። የሚገርመው በ2001 ባወጡት ጽሁፍ ሴንሰሩ በጣም ጥራት ሲኖረው ዘዴው እንደሚቸገር ራሳቸው ብለውታል፣ እኔ ዘልዬው ነው። ስህተቱን 20 ሴንቲሜትር አድርጌ ጨረሩን ወደ 30 ስቀንሰው በሩን ሳያልፍ ቦታውን አገኘ።

ቀጥሎ እማዬ መጣች። ቤት ስትጠርግ አንስታ ሌላ ክፍል ታስቀምጠዋለች፣ እሱ ያው አሁንም ሳሎን ነኝ ይላል። ይሄንን ተመራማሪዎቹ የተጠለፈ ሮቦት ችግር ይሉታል (ጠለፋ እኛ ጋ ሌላ ነገር ነው እንጂ)። በየዙሩ ጥቂት ነጥብ በዘፈቀደ እንዲበተን አደረግኩና ተገላገልኩ። ትናንት መኝታ ቤት ወስዳው ሁለቴ ዞር ዞር ብሎ ቦታውን አወቀ። የቡፌው መስታወት ግን አልተፈታም፣ ጨረሩ አልፎት ይሄዳል፣ ለጊዜው ከታች ጋዜጣ ለጥፌበታለሁ፣ እማዬ እንግዳ ሲመጣ ትገነጥለዋለች።