ዘጌ ላይ ያደርኳት ሌሊት

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ልጽፍ ስንቴ ጀምሬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ትቼዋለሁ።

ባለቤቴ ያረፈው በ1996 ዓ.ም. ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ ጥር 1997። እኔ ደረሰልኝ፣ ባህር ዳር ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ስውጥ ፈጣሪን «አንድ ዓመት ብታቆየው ምን ይጎድልብህ ነበር?» እለው ነበር። ጸሎት አይደለም፣ ጠብ ነው። ይቅር ይበለኝ።

ብልቃጧ ስትንኮሻኮሽ ጎረቤት እንዳይሰማ ጥጥ እጠቀጥቅባት ነበር።

በ1999 ጠበል ልጠመቅ ዘጌ ሄድኩ። አንድ ሰው «ክኒን የሚውጥ እምነት የለውም» አለኝ። አቆምኩ። (ጠበሉ አልበደለኝም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ።)

ያቺ ሌሊት የመጣችው በፍልሰታ ነው። አፌን ነጭ ቁስል ሞልቶት ምራቄን መዋጥ አቅቶኛል። ትኩሳቱ ያንዘፈዝፈኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጣና ከታች ይጮኻል። በሌሊት ጀልባ የለም። አጠገቤ የተኙት እማሆይ ግንባሬን የሚያረጥቡበት ጨርቅ ከቦርሳዬ ሲፈልጉ ብልቃጧ ተንኮሻኮሸች። ጥጡ ወጥቶ ኖሯል!

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

ልዋሽ አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አባታችን ፓትርያርኩ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው የለም እንዴ? ማን ነው ከአቡነ ጳውሎስ የሚበልጠው?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ እጄን ይዘው ዳዊት ያዙ። «ከጥልቅ አቤቱ ወደ አንተ ጠራሁ» ይላሉ እሳቸው። እኔ በልቤ የምለው ሌላ ነው፦ «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ሌሊቱ አልነጋ አለ። ዶሮ ጮኸ ስል ነፋስ ነው። ሞቼ እዚያው የምቀበር መሰለኝ። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም።

ሲነጋ ደግፈው፣ ተሸክመው ማለት ይቀላል፣ ጀልባው ድረስ አደረሱኝ። ባለጀልባው ሒሳብ አልተቀበለም። ከላዩ ላይ ላስቲኩን አውልቆ አለበሰኝ። ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅኩህም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ ቁስሉን አከሙኝ፣ ከዚያ መድኃኒቱን እንደገና አስጀመሩኝ። ለመቆም ወራት ፈጀብኝ።

በኋላ ትዳር ሰጠኝ፤ በ2006 ሴት ልጅ። በስድስት ሳምንቷ ከተረከዟ ደም ወሰዱ፣ በ18 ወሯ ደግመው መረመሯት። ነፃ ናት! እልል በሉልኝ።

አሁን የምውጠው በቀን አንድ ፍሬ ነው። ጥጥ የለም። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ልጄ ብልቃጧን አንስታ እንደ ጸናጽል ታንኮሻኩሻታለች።

«እማዬ፣ ደርሷል!»