የኮፒ ኮፒ አንቀበልም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በሯ ላይ «የኮፒ ኮፒ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ወረቀት ማኅተሙ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ስሙ ጉም ይሆናል። ደንበኛው ደግሞ የሚቆጣው እኔን ነው።

ያቺን ወረቀት የእህቴ ልጅ መልሶ በእኔው ላይ አመጣት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን «ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እኮ የኮፒ ኮፒ ነው። ዋናው የት አለ? ሱቅህ ውስጥ የማትቀበለውን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለምን ትቀበላለህ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ጮህኩ። «አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም!» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ ፌስቡክ ላይ ያየሁት ይመስለኛል። ልጁ ስልኩን አወጣ። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የመጨረሻዎቹ 12 ቁጥሮች በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉት ሁለት ትልልቅ የግሪክ ቅጂዎች፣ በሲናውና በቫቲካኑ ላይ እንደሌሉ አሳየኝ። እህቴ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችና «በሉ ተዉት» አለች። ተውነው። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ ልጅ ሆኜ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ተቆጥተው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ ከማኅደሩ አንድ የብራና ወንጌል አወጡና በጣታቸው ሳይነኩ አንድ መስመር አመለከቱኝ። ከመስመሩ በላይ፣ በሁለት ቃላት መሃል፣ ጉንዳን በምታህል ጽሕፈት አንዲት ቃል ተጨምራለች።

«ጸሐፊው ዘሏት ነበር» አሉ። «ሌላው ከሌላ መጽሐፍ ጋር ሲያስተያይ አገኛትና መለሳት። አንተ ስሕተቱን አይተህ ትደነግጣለህ። እኔ ያረመውን ሰው አያለሁ።»

ከዚያ ስለ አንድምታው፣ ስለ ሊቃውንቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አጫወቱኝ። ጎንደር የትርጓሜ ቤት ነችና ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ዓይን አስቤው አላውቅም። ሊቃውንቱ ንባቡ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲለያይባቸው «እንዲህ የሚልም አብነት (ሌላ ቅጂ) አለ» ብለው ሁለቱንም ያስተምራሉ። አይደብቁትም። «ቤቱ የሚያውቀውን ነገር ልጁ ስልክ ላይ አገኘው እንጂ አዲስ አላመጣም» አሉኝ።

ወደ ሱቅ ስመለስ ለራሴ «እስቲ እኔው ልገልብጠው» አልኩ። በማሽን ሳይሆን በእጄ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ብፁዓን የሚለውን፣ ማቴዎስ 5ን መረጥኩ። ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ለጎረቤታችንና ለሱቁ ልጅ ወረቀት አደልኩ። እናቴ መጽሐፉን ዘግታ በቃሏ ጻፈችው። «ምን ማየት ያስፈልጋል?» አለችኝ። እርግጥ ነው፣ በቃል የያዘ ማኅበር መሃል የተዛባ ንባብ ይዞ መግባት ከባድ መሆኑን ከዚህ ተምሬያለሁ። ለሙከራው ግን አልጠቀመኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ዘኍልቍ 33ን አመጣሁ። ያን ምዕራፍ በቃሉ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላየሁም። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው፤ «ተጕዘው ሰፈሩ፣ ተጕዘው ሰፈሩ» እያለ ይሄዳል። ለገልባጭ ዓይን ወጥመድ ነው። አራታችን ከታተመው ገለበጥን። ከዚያ ሌሎች አራት ሰዎች ከእኛ ወረቀት ገለበጡ። የእህቴ ልጅ ዳኛ ሆነ። ስምንቱን ወረቀት ብቻ ይዞ፣ የታተመውን ሳያይ፣ ዋናውን ፈልጎ ማውጣት አለበት።

ስምንቱም ላይ ስሕተት ነበር። አንድም ንጹሕ ወረቀት አልተገኘም። እኔ ራሴ ከአንዱ «ሰፈሩ» ወደ ሌላው ዘልዬ አንድ ሙሉ ሰፈር ዋጥ አድርጌአለሁ፤ ለሃያ ዓመት በጽሕፈት የኖርኩ ሰው! እህቴ ኤሊም ላይ ስትደርስ «ሰባ የዘንባባ ዛፎች» የሚለውን «ሰባት» ብላ ጻፈች። ከእሷ የገለበጠችውም ሰባት አለች። ስልሳ ሦስት ዛፍ በአንዲት «ት» ጠፋ።

ልጁ ግን ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ አንድ ሰዓት ተኩል ሠራበት። አብዛኛው ልዩነት የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ ነበር፤ ያን አልቆጠረውም። እኔ የዋጥኩትን ሰፈር ሌሎቹ አልዋጡትም። የእህቴ ሰባት በሁለት ወረቀት ብቻ፣ እሱም ከአንድ እጅ የመጣ። «ለካ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አይሳሳትም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። መጨረሻ ላይ ከታተመው ጋር ስናስተያየው አንድ ቦታ ብቻ ቀረችው፤ «ተጕዘው» ወይስ «ተነሥተው» የሚለውን መወሰን አልቻለም ነበር። ትርጉሙን የሚነካ ነገር አልነበረም።

ያኔ ነው የራሴ ሱቅ ትዝ ያለኝ። ዋናው የጠፋበት ሰው ሲመጣ እኮ አላባርረውም። «ያለህን ኮፒ ሁሉ አምጣ» ነው የምለው። አንዱ ላይ የደበዘዘው ሌላው ላይ ይነበባል። የአዲስ ኪዳን የግሪክ ቅጂዎች ከ5,000 በላይ ናቸው። ልዩነቱ የበዛውም ቅጂው ስለበዛ ነው። ከሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የዮሐንስ 18 ቁራጭ ፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ነው፤ ከእጅ ስልክ ያንሳል፣ ብዙዎች በ2ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀምጡታል። የእኛው የአባ ገሪማ የግእዝ ወንጌልም ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፈ የካርቦን ምርመራ ያሳያል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የሙት ባሕር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 እረኞች በኩምራን ዋሻ ውስጥ ካገኟቸው ጥቅልሎች አንዱ ሙሉው ትንቢተ ኢሳይያስ ነው፤ ከ7 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከክርስቶስ ልደት አንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ። ከዚያ በፊት በእጅ የነበሩት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች ከእሱ ሺህ ዓመት ገደማ ዘግይተው የተጻፉ ናቸው። ሲነጻጸሩ አብዛኛው ልዩነት የፊደል አጻጻፍ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ግን አይደለም። ምዕራፍ 53 ቁጥር 11 ላይ «ብርሃን» የምትል ቃል በጥቅልሉ አለች፣ በኋለኛው ዕብራይስጥ የለችም፤ የሰብዓ ሊቃናት በሚባለው ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም ላይ ደግሞ አለች። «ደዌያችንን ተቀበለ» የሚለውን ክርስቲያኖች በኋላ ጻፉት እንዳይባል ግን ብራናው ከስቅለቱ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ጎንደሬነቴ ይመጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደረሰ። ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ሄደ። አውሮጳ ያኔ ሄኖክን የምታውቀው በጥቅስና በቁራጭ ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ኩምራን ውስጥ የሄኖክ የአረማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። በግእዙ ካሉት አምስት ክፍሎች አራቱ እዚያ ተለይተዋል፤ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ግን አልተገኘም። ይህን ለልጁ ሳልደብቅ ነገርኩት። ካሁን በኋላ እሱ ስልኩ ላይ ከማግኘቱ በፊት እኔ ልንገረው ብዬ ወስኛለሁ። ማርቆስ 16ንም አብረን ደግመን አነበብነው።

ልጁ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። «እሺ፣ የተጻፈው ደርሶናል እንበል። የጻፈው እግዚአብሔር መሆኑን ወረቀት ቆጥረህ ታረጋግጣለህ?» አለኝ። አላረጋግጥም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያምታታው፤ እኔም አምታትቼ ነበር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ» ሲል፣ ጴጥሮስ «በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው» ሲል፣ መጽሐፉ ስለ ራሱ መመስከሩ ነው፤ ለማያምን ሰው ብቻውን አይበቃም። እኔን የሚይዘኝ ጌታ ራሱ ኦሪትንና ነቢያትን የአምላክ ቃል አድርጎ መጥቀሱ ነው። እሱን ካመንኩ መጽሐፉን አምናለሁ። እሱን እንዳምን ደግሞ የምስክሮቹ ነገር ረዳኝ። ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ያስክደዋል? የሴት ቃል ብዙ ክብደት በማይሰጠው ዘመን የባዶውን መቃብር ዜና ለሴቶች ይሰጣል? እኔ ብሆን አላደርገውም።

ልጁ «ይሄኛው ይሻላል» አለ። አመንኩ አላለም፤ እኔም አልገፋሁትም። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከሱቅ ስዘጋ ሉቃስን እናነባለን። አንዳንዴ ይከራከረኛል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ያነባል።

የእህቴ ወረቀት «ሰባት» የምትለዋ በቀይ ተከባ ከማሽኑ በላይ ተለጥፋለች። እህቴ በመጣች ቁጥር «ንቀልልኝ፣ ሰው ያያል» ትላለች። አልነቀልኳትም። «የኮፒ ኮፒ አንቀበልም» የሚለውም አልተነሳም፤ ከሥሩ ግን በእስክሪብቶ «ዋናው ከጠፋ ያለውን ሁሉ ይዘው ይምጡ» ብዬ ጨምሬበታለሁ።