ወደ ዶቃና ሽቦ ሥራ መመለስ፦ ከሐረር የሥራ ማስታወሻ

የእጅ ጌጥ ሥራን ትታችሁ ቆይታችሁ አሁን የምትመለሱ፣ አዲስ ዶቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን አሮጌ ድሪና አምባር ፍቱ። ድሪ ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ ዶቃው ደህና ነው፤ ያለቀው ክሩ ነው። እኔም ወደ ሥራው ስመለስ የጀመርኩት ከክር ነው፤ አሁን መዳብ ሽቦ ላይ ደርሻለሁ።

የጥጥ ክር ላብ እየጠጣ ይበሰብሳል። ላስቲክ ለመሥራት ቢቀልም ሙቀት ያደርቀዋል፤ ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው የሚሠራ አምባር በላስቲክ ባይሆን ይመረጣል። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ለጂንስ የሚሆን ወፍራም ፖሊስተር ክር ጠይቁ። ለ45 ሳንቲ ሜትር ሐብል 2 ሜትር ቆርጣችሁ ለሁለት እጠፉት። የተረፈ ቢመስልም በየዶቃው መሐል የሚቋጠረው ቋጠሮ ይበላዋል። ከዚያ በንብ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ጎትቱት፤ ሰሙ ክሩ እንዳይተረተርና ቋጠሮው እንዳይንሸራተት ያደርጋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በቋጠሮና በዶቃ መካከል በሚቀረው ክፍተት ነው። ቋጠሮው ገና ልል ሳለ መርፌ አስገቡበት፣ በመርፌው እየገፋችሁ ዶቃው ጥግ አድርሱት፣ ክሩን ሳቡና መርፌውን አውጡ። በጣት ብቻ ከተሳበ ቋጠሮው መንገድ ላይ ይጠብቃል።

የብረትና የብር ዶቃ የቀዳዳው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ክሩን ቀስ በቀስ ይገዘግዘዋል። በቀጭን ክብ ሞረድ አለስልሱት፤ ካልተቻለ ግራና ቀኙ ላይ ትናንሽ ጨሌ አስገቡ።

ልኩ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ክሩ የሚያልፈው በዶቃው መሐል ነው፤ እጅ የሚነካው ግን የውስጥ ጎኑ ነው። ስለዚህ ዶቃው በወፈረ ቁጥር አምባሩ ይጠባል፤ የሚጠብበት መጠን የዶቃው ውፍረት በ3.14 ሲባዛ ነው። ለ16 ሳንቲ ሜትር እጅ 8 ሚሊ ሜትር ዶቃ ከተመረጠ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ለመላወሻ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲታከልበት 19 ይሆናል። በ3 ሚሊ ሜትር ጨሌ ግን 17.5 ይበቃል። «እጄን ለክቼ ነው የሠራሁት፣ ግን አልገባ አለኝ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ለሽቦ የመብራት ገመድ መዳብ ጥሩ መነሻ ነው። ባለ 1.5 የሚባለው ነጠላ ሽቦ 1.5 የሚለካው ሲቆረጥ የሚታየውን ክብ ገጽ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር እንጂ ውፍረቱን አይደለም፤ ውፍረቱ 1.38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለአምባር ይሆናል፣ ለማያያዣ ቀለበት ግን ይወፍራል። ለቀለበት 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ 4 ሚሊ ሜትር ሚስማር ላይ ጠምጥሙና ቁረጡ፤ ከ1 ሜትር 60 ያህል ይወጣል። ቀለበቱን ስትከፍቱ ጫፎቹን ወደ ግራና ቀኝ አትለጥጡ፤ ክብነቱ ይጠፋል። በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ግፉ።

መዳብ ሲደጋገም መታጠፍ ይጠነክራል፣ ከዚያም ይሰበራል። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉትና ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ መልሶ ይለሰልሳል። ጥቁረቱን ሎሚና ጨው ያነሣዋል። የገመዱን ፕላስቲክ ግን በቢላ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ለጉትቻ ማንጠልጠያም መዳብ አይሁን፤ ጆሮን ያስቆጣል።

1780 ከተጻፈበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ገንዘብ ከተሠራ ጌጥ ጋር የሚገናኝ ይጠንቀቅ። ያ ገንዘብ 83.3 በመቶ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ይጠቁራል። በሶዳ፣ በሙቅ ውኃና በአሉሚኒየም ፎይል ይጸዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን በጌጡ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጥላም አብሮ ያጥባል፣ ቅርጹም ጠፍጣፋ ይመስላል። ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

አምበር (ከጥንት የዛፍ ሙጫ የጠነከረ) ነው የተባለ ቢጫ ዶቃ ከተገኘ ከክሩና ከብር ክዳኑ አውጡት። በ1 ብርጭቆ ውኃ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ድረስ አማስሉና ክተቱት። አምበር ይንሳፈፋል፤ አንዳንድ ፕላስቲክም ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ መንሳፈፉ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የሰጠመው ግን አምበር አይደለም።