ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል
አሮጌ ኮሮላ ጠዋት ቁልፍ ሲዞርላት «ጠቅ» ብላ ዝም ካለች ብዙ ሰው ባትሪ ሊገዛ ይሮጣል። እባካችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ተርሚናል፣ ገመዱ የሚታሰርበትን ጫፍ፣ እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከጋገረበት መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ብዙ አምፒር ስለሚፈልግ አይዞርም።

በ10 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ። ፖዘቲቩ ከቀደመ ቁልፉ ቦዲ በነካ ቁጥር ብልጭታ ይፈጥራል፤ ባትሪ አጠገብ ይህ አደገኛ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ፈሳሹ ወደ ሴሎቹ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። አረፋው ሲያቆም አጥባችሁ አድርቁ፣ የተርሚናሉን እርሳስ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉ። ሲታሰር ፖዘቲቩ ይቀድማል። ከላይ ትንሽ ቫዝሊን።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ደግሞ ግምት አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ በሉት። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.5 በታች ከቀረ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ወይም የላላ ቺንጊያ ጠርጥሩ፤ አዲስ ባትሪም ይሞትባችኋል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ «ጠቅ» ማለቷን ካልተወች፣ ከባትሪው ወደ ሞተር የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድ ስታስነሱ ዳስሱት። ከሞቀ ውስጡ ተበልቷል፤ ቀይሩት።