ያለ ገበር የሚለበስ የሸማ ጨርቅ ለመሥራት የድርና የማጉን ሽፋን እንዴት እንዳሰላሁ፣ 200 ሜትርም እንዴት እንደተበላሸብኝ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ስድስት የሽመና ዕቃዎች ያሉት አነስተኛ የሽመና ቤት አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ደንበኛዬ ደወለችና፣ «እህቴ፣ ገበር የማያስፈልገው የቀሚስ ጨርቅ አሠሪልኝ፤ እዚህ ያሉት ልጆች ገበሩ ይሞቀናል እያሉ መልበሱን እየተዉ ነው» አለችኝ። ከዚህ ቀደም ካገኘችው ጨርቅ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁራጭም በሰው ላከችልኝ። ጨርቁ ስስ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። ሥራው ይህን ጨርቅ በራሴ ክር መድገም ነበር።

አብዛኛው ሸማኔ ይህን የሚያደርገው በእጁና በዓይኑ ነው። እኔ ሸማኔ አይደለሁም፤ የተማርኩት የሂሳብ ሥራ ስለሆነ በቁጥር ማግኘትን መረጥኩ። በምርጫዬ ዛሬም አልጸጸትም፤ የምጸጸተው የተሳሳተውን ቁጥር በማመኔ ነው። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበል ሌላ ሰው እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ እንዳይገባ ያደረግሁትን ሁሉ በዝርዝር እጽፋለሁ።

የጨርቅ ሽፋን ማለት ጨርቁ ተዘርግቶ ከላይ ሲታይ ከስፋቱ ምን ያህሉ በክር እንደተያዘ፣ ምን ያህሉም ቀዳዳ ሆኖ እንደቀረ የሚገልጽ መጠን ነው። ለማስላት የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የክር ብዛትና የአንዱ ክር ውፍረት ናቸው። ብዛቱ በማጉያ መነጽርና በመርፌ ጫፍ ይቆጠራል። የክርን ውፍረት በማስመሪያ መለካት ግን አይቻልም፤ ሲጫኑት ይጠፈጠፋልና። ስለዚህ ከክብደቱ ይሰላል። በማንቸስተር በጥጥ ምርምር ላይ ይሠራ የነበረው ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ጥናት መሠረት ክሩ ክብ ነው ተብሎ ይታሰብና ውፍረቱ ከክብደቱ ጋር ይያያዛል። የአንድ ሺህ ሜትር ክር ክብደት በግራም ሲገለጽ ቴክስ ይባላል፤ ለጥጥ ክር የቴክሱን ስኩዌር ሩት በ0.0373 ስናባዛ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር እናገኛለን። ውፍረቱን በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ባለው የክር ብዛት ማባዛት ደግሞ የድሩን ሽፋን ይሰጣል፤ ለማጉም እንዲሁ ይደረጋል።

ሁለቱን ሽፋኖች ደምሮ ማቆም ስሕተት ነው። ድርና ማግ በሚሻገሩበት ቦታ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚተኛ ያ ቦታ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ ስለዚህ ከድምሩ ላይ የሁለቱን ብዜት መቀነስ ያስፈልጋል። ድሩ ግማሽ፣ ማጉም ግማሽ ቢሸፍን ጨርቁ ሙሉ በሙሉ አይሸፈንም፤ የሚሸፈነው 75 በመቶው ነው።

የናሙናውን ልኬት ራሴ ሠራሁት። ድሩ በሴንቲ ሜትር 24፣ ማጉ 23 ነበር። ከቁራጩ ክሮችን አንድ በአንድ እየመዘዝኩ፣ እያንዳንዱን ሳላስረዝም ቀጥ አድርጌ ለካሁ፤ ክሩ በጨርቁ ውስጥ እየታጠፈ ስለሚሄድ ሲወጣ ከጨርቁ ይረዝማል። ርዝመታቸውን ደምሬ አንድ ወርቅ ቤት ሄድኩና በወርቅ ሚዛን አስመዘንኩ። ወደ 30 ቴክስ ሆነ፤ ውፍረቱ 0.204 ሚሊ ሜትር ነው። የድሩ ሽፋን 49 በመቶ፣ የማጉ 47 በመቶ፣ የጨርቁ ደግሞ 73 በመቶ ሆነ። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ ትክክልም ነበር።

ስሕተቱ የተሠራው በራሴ ክር ላይ ነው። ናሙናውን በወርቅ ሚዛን የመዘንኩ ሰው የራሴን ክር ለመመዘን አልተነሣሁም፤ ምክንያቱም ለክሩ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ማግኘት እንደሚቻል ሰምቼ ነበርና ለውጭ ገበያ የሚሆን ሥራ በማኅተም የተደገፈ ውጤት ይገባዋል ብዬ አሰብኩ። ከመርካቶ ከገዛሁት ክር ሦስት ጥቅል ይዤ ወደ አንድ የፍተሻ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ የአገልግሎት ክፍያውን ከፈልኩ፣ ከአሥር የሥራ ቀናት በኋላም ወረቀቱን ተቀበልኩ። በወረቀቱ ላይ የነበረው «የክር ቁጥር፦ 20» የሚል መስመር ብቻ ሲሆን፣ ከ20 በኋላ የመለኪያው ስም አልተጻፈም።

የክር ቁጥር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በእንግሊዙ የጥጥ አቆጣጠር 20 ቁጥር ማለት እያንዳንዳቸው 840 ያርድ የሆኑ 20 ጥቅሎች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው፤ ይህም በአንድ ግራም 34 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 29.5 ቴክስ ነው። በሜትሪኩ አቆጣጠር ደግሞ 20 ቁጥር ማለት በአንድ ግራም 20 ሜትር፣ ማለትም 50 ቴክስ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ክር የመጀመሪያውን አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይመዝናል። ይህን ልዩነት አውቀው ስለነበር በመስኮቱ በኩል ለተቀመጠው ሠራተኛ፣ «ይህ ሃያ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ወረቀቱን ሳያይ፣ «ሜትሪክ ነው፤ አሁን ሁሉም ነገር በሜትሪክ ነው የሚሠራው» አለኝ። ውስጥ ገብቶ ባለሙያውን ለመጠየቅ የሚወስድበት ሁለት ደቂቃ ነበር። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ዛሬም ሳስባቸው ያናድዱኛል።

በመልሱ መሠረት አሰላሁ። ክሬ 50 ቴክስ ከሆነ ውፍረቱ 0.264 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከናሙናው ስለሚወፍር ድሩን በሴንቲ ሜትር 19፣ ማጉን 17 ባደርግ ያው 73 በመቶ ሽፋን ይመጣልኛል። ያለኝ ማበጠሪያ (የድሩን ክሮች ለያይቶ የሚይዘው የሽመና ዕቃ) በሴንቲ ሜትር 19 ጥርስ ያለው መሆኑ፣ የማጉም ማነስ የሸማኔውን ድካም የሚቀንስ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። ውጤቱ ለኪሴ የሚመች ስለነበር ደግሜ ለመጠራጠር አልፈለግሁም፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው።

ከሸማኔዎቻችን መካከል በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከጨንቻ መጥተው ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ሙያ የኖሩት ጋሼ፣ ድሩ ተዘርግቶ ገና የመጀመሪያው ክንድ ሲሠራ ጠሩኝ። ክሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እያሹ፣ «ልጄ፣ ይህ ክር ቀጭን ነው፤ በዚህ ድር ነጠላ እንጂ ቀሚስ አይወጣውም» አሉኝ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ማኅተሙን አይተው ዝም አሉ። እርሳቸው ያን ጊዜ ዝም ያሉት ስላመኑ ሳይሆን ስላከበሩኝ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጨርቁ ከተበላሸ በኋላም አንዲት ቃል ሳይወቅሱኝ መቅረታቸው ከኪሳራው የበለጠ ያሳፍረኛል።

በሦስት ሳምንት 200 ሜትር ተሠራ። አጥበን አንዱን ቁራጭ በጥቁር ቀሚስ ላይ ስናለብሰው የቀሚሱ ስፌት ሳይቀር ይታይ ነበር። እዚያው የተረፈውን ክር ይዤ ወደ ወርቅ ቤቱ ሮጥኩ። አንድ መቶ ሜትር ክር 2.95 ግራም መዘነ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እንደነገረኝ ቢሆን ኖሮ 5 ግራም መሆን ነበረበት። እውነተኛው ውፍረት 0.203 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሩ ሽፋን ከ39 በመቶ በታች፣ የማጉ ከ35 በመቶ በታች ሲሆን፣ ጨርቁ በሸማኔው ዕቃ ላይ ሳለ የተሸፈነው 60 በመቶው ብቻ ነበር። ቀዳዳው ከ27 በመቶ ወደ 40 በመቶ አድጓል ማለት ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ዓይን የሚያየው ይህን ነው።

ማረሚያ ለማግኘት ወደ መሥሪያ ቤቱ ስመለስ በመጀመሪያ የተሰጠኝ መልስ፣ «ቁጥሩ ትክክል ነው» የሚል ነበር። ትክክል መሆኑን አልካድኩም፤ የጠየቅሁት መለኪያው እንዲጻፍልኝ ነው። በደብዳቤ አመልክቺ ተባልኩ። ደብዳቤውን ሳመጣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቅጂ ይያያዝ ተባለ። ያን አያይዤ ስመጣ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው፣ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በመጨረሻ ያነጋገሩኝ ኃላፊ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ውጤቱን በአግባቡ የመተርጎም ኃላፊነት የደንበኛው መሆኑን ነገሩኝ። መለኪያው ያልተጻፈበትን ቁጥር እንዴት አድርጌ እንደምተረጉም ብጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተሰጠኝ አዲስ ወረቀት የአሮጌውን ቀን የያዘ ነው፤ ከ20 ጎን «በእንግሊዝ የጥጥ አቆጣጠር» የሚል ብቻ ተጨምሮበታል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ሁለቱንም ወረቀቶች አስቀምጫቸዋለሁ።

በራሴም ላይ እናደዳለሁ። መርካቶ ውስጥ ማንም ነጋዴ «ሃያ ቁጥር» ሲል የእንግሊዙን ማለቱ እንደሆነ ክር የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። በመስኮት በኩል የተነገረኝን ቃል ከዚያ ሁሉ ያስበለጥኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ሥራ እንዲህ አደረግሁት። 24 ጥርስ ያለው ማበጠሪያ አሠራሁ፤ ድሩ በዚያው 20 ቁጥር ክር 49 በመቶ ሸፈነ። ማጉን በሴንቲ ሜትር 23 ማስመታት ሸማኔውን የሚያደክም፣ ሥራውንም የሚያዘገይ ስለሆነ ሁለት ክር በአንድ ላይ አጣምሬ በ17 አስመታሁ። የተጣመረው ክር 59 ቴክስ፣ ውፍረቱ 0.287 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የማጉም ሽፋን 49 በመቶ፣ የጨርቁ በድምሩ 74 በመቶ ሆነ። ሁለቱን ክር ሳይገመዱ ጎን ለጎን ብናስኬዳቸው ተጠፍጥፈው ከቀመሩ በላይ ይሸፍናሉ፤ በዚህ ምክንያት ለቀሚስ ያልተገመደውን እመርጣለሁ፤ ግምዱ የጠበቀ ክር ግን የበለጠ ይበረታል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ደንበኛዬ ይህን ጨርቅ ያለ ገበር ሰፍታ ሸጠችው። የመጀመሪያው 200 ሜትር ለነጠላና ለመስኮት መጋረጃ በግማሽ ዋጋ ወጣ።

ባለሙያዎች ክር ከመመዘኑ በፊት በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ የአየር እርጥበት ውስጥ ሊቆይ ይገባል ይላሉ። ለላቦራቶሪ ትክክል ነው፤ ለእኛ ለትንንሾቹ ግን በዚህ ምክንያት ሳይመዝኑ ከመቅረት እንዲሁ መመዘን ይሻላል። ውፍረቱ የክብደቱን ስኩዌር ሩት ስለሚከተል በክብደት 4 በመቶ ብንሳሳት በውፍረት የምንሳሳተው 2 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰዎች ክሩን ጨርቁ ሳይታጠብ መቁጠራቸው ነው። የእኔ ጨርቅ ሲታጠብ በወርዱ ከ100 ወደ 93፣ በርዝመቱ ከ100 ወደ 95 ይወርዳል፤ ስለዚህ ያ የተበላሸው 60 በመቶ እንኳ ታጥቦ 63 ሆኖ ነበር። የታጠበን ናሙና ካልታጠበ ጨርቅ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። በእጅ ለተፈተለ ማግ ደግሞ ቀመሩ አይመጥንም፤ በእንዝርት የወጣ ፈትል ላላ ያለና የሚያብጥ ስለሆነ ከተሰላው የበለጠ ይሸፍናል። ለእርሱ የጋሼን ጣቶች አምናለሁ።

አሁን የወርቅ ሚዛን ገዝቻለሁ፤ የሚገባው ክር ሁሉ ገና ጥቅሉ ሲከፈት መቶ ሜትሩ ተለክቶ ይመዘናል። ባለፈው ወር ከመርካቶ የመጣው 20 ቁጥር ተብሎ የተሸጠ ክር 3.4 ግራም መዘነ፤ ማለትም 34 ቴክስ ነው። ማበጠሪያውን መለወጥ ስላልፈለግሁ ድሩን በ24 ትቼ ማጉን ከ17 ወደ 15 አወረድኩት። ሽፋኑ 74 በመቶ ወጣ፤ ጋሼም ጨርቁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ካዩት በኋላ መወርወሪያቸውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ።